ምዕራፍ ሰባት፦ ዘይት የሚያብሰው ከንፈር

ክረምት ላይ ከደብረ ማርቆስ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣ ሞተር ሳይክል ሁሉንም ዓይነት መንገድ ይቀምሳል። የከተማው ኮብልስቶን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከከተማ ሲወጣ ጠጠሩ ይደበድበዋል፤ ከዋናው መንገድ ሲገነጠል ደግሞ ዋልካው እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ይለጠፍበታል። የግብርና ባለሙያውም ሆነ ክትባት ይዞ የሚሄደው የጤና ሠራተኛ ይህን ሁሉ አልፈው የሚደርሱት፣ ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት የብረት እግሮች ዱላውን ስለሚችሉላቸው ነው።

ባለፈው ምዕራፍ በእነዚህ እግሮች ውስጥ ያለውን ሞላ አይተናል። ሞላ ዱላውን ይቀበላል፤ ነገር ግን የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ስለሚሰጥ ብቻውን ቢተው ሞተሩ እየዘለለ ይሄድ ነበር። ዝላዩን የሚያበርደው በጠባብ ቀዳዳ እየተጨመቀ የሚያልፈው ዘይት መሆኑንም ተነጋግረናል። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚያ ይቀጥላል። አንዱ ቧንቧ ሌላው ውስጥ በአንድ ቀን ጉዞ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲወጣና ሲገባ ዘይቱ ለምን አይፈስም? ሲፈስስ ምን ሆኖ ነው? በግቢያችን ውስጥ ልንጠግነውስ እንችላለን?

ሁለቱ ቧንቧዎች

የፊት ሹካው፣ ጋራዥ ውስጥ የፊት ሾክ የሚሉት፣ ሁለት እግር አለው። እያንዳንዱ እግር ደግሞ ሁለት ቧንቧ ነው። የላይኛው ቀጭን፣ በክሮም የተለበጠ፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ቧንቧ ሲሆን ከመሪው ሥር በማሰሪያ ተይዟል። የታችኛው ወፈር ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው፤ ግርጌው የተዘጋ ሲሆን የጎማው ፐርኖ የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ የታችኛው ቧንቧ የሚያብለጨልጨውን ይዞ ሽቅብ ይንሸራተታል፤ ድንጋዩን ሲያልፍ ይመለሳል። በውስጣቸው ሞላው፣ ዘይቱ፣ ከዘይቱ በላይ ደግሞ የታፈነ አየር አለ።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ቢኤምደብልዩ ዝላዩ በዘይት የሚበርድ ባለ ሁለት ቧንቧ ሹካ አር 12 በተባለው ሞተሩ ላይ ገጥሞ በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን የምናያቸው አነስተኛ ሞተሮች አብዛኞቹ መሠረታዊ አሠራራቸው ያው ነው።

በታችኛው ቧንቧ አፍ ላይ አንድ የጎማ ቀለበት ተቀምጧል። ስሙ ኦይል ሲል ነው። በላዩ የሽቦ ቀለበት ይይዘዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አቧራ የሚከላከል ሌላ ጎማ ይሸፍነዋል። ከውጭ የሚታየው ይህ የአቧራ መከላከያ ብቻ ስለሆነ ብዙ ባለሞተር ዋናውን ኦይል ሲል በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ ግን እርሱ ነው።

ማር የነካው ጣት

ኦይል ሲል ሲባል ብዙ ሰው ውታፍ ይመስለዋል፤ በጠበቀ ቁጥር የተሻለ የሚይዝ። ውታፍ ቢሆን ኖሮ ሹካው ንቅንቅ አይልም ነበር። የሚንቀሳቀስን ነገር በመወተፍ ማሸግ አይቻልም። ታዲያ እንዴት ይያዛል?

ጣትዎን ማር ውስጥ ይንከሩና በከንፈርዎ መካከል ይሳቡት። ማሩ አፍዎ ውስጥ ይቀራል። ጣቱ ግን ፈጽሞ ደርቆ አይወጣም፤ ስስ እርጥበት ይዞ ይወጣል። ያችንም እርጥበት ላስቀር ብለው ከንፈርዎን አጥብቀው ቢጨቁኑት ጣቱ መንሸራተቱን ትቶ ይያዛል፤ ከንፈርዎም ይላጣል። ስለዚህ ማሩን ውስጥ የሚያስቀረው የከንፈር ኃይል ብቻ አይደለም፤ ልስላሴው፣ ልኩን የጠበቀ ጫናው፣ የጣቱም ልሙጥነት ነው።

ኦይል ሲልም ከንፈር አለው፤ ባለሙያዎቹም የሚሉት ከንፈር ነው። አዲሱን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት በውስጠኛው ክብ ዙሪያ ስል የሆነ የጎማ ጠርዝ፣ ከጠርዙ ጀርባ ደግሞ ክር የምታህል ክብ ሞላ ያገኛሉ። ሞላዋ ከንፈሩን በልኩ ወደ ቧንቧው ታስጠጋለች። ቧንቧው ሲወጣ ከንፈሩ ዘይቱን ይገፋል፤ በብረቱ ላይ የሚያልፈው ሽፋን ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ ክፍል ያነሰ ውፍረት ያለው ነው። ይህች ሽፋን ብክነት አይደለችም። ከንፈሩና ብረቱ በደረቁ እንዳይፋጩ የምታደርግ ቅባት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ከንፈሩ በሁለት በኩል እኩል አልተሳለም። በዘይቱ በኩል ያለው ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በአየሩ በኩል ያለው ደግሞ ዘመም ያለ። ቧንቧው ሲወጣ ቀጥ ያለው ፊት ዘይቱን ላጭቶ ይመልሰዋል፤ የምታመልጠው ስስ ሽፋን ብቻ ናት። ቧንቧው ሲመለስ ደግሞ ያችው ሽፋን በዘመመው ፊት ሥር በቀላሉ ሾልካ ወደ ውስጥ ትገባለች። የወጣው ተመልሶ ገባ ማለት ነው። አዲስ ኦይል ሲል ተገልብጦ ሲገጠም ወዲያው የሚያፈስሰውም ለዚህ ነው፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልስ የነበረው ቅርጽ አሁን ወደ ውጭ ያወጣዋል።

እንግዲህ ጤነኛ ሹካ ጭራሽ ደረቅ ሹካ አይደለም። በክሮሙ ላይ ጣት ሲያሳርፉ የምትሰማ ስስ ወዝ ጤና ናት። አቧራ ሰብስቦ ጥቁር ቀለበት የሠራ ዘይት፣ በጣት ሲጠረግ እንደገና የሚመጣ እርጥበት፣ ወደ ታች የወረደ መስመር ግን በሽታ ነው።

በቆዳ የተጀመረው ሥራ

ይህን ከንፈር መጀመሪያ የሠሩት ከጎማ አልነበረም። በጀርመን አገር ፍሮይደንበርግ የሚባል ቆዳ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የቆዳ ገበያው ሲቀዘቅዝበት፣ በቆዳው ለማሽን ዘይት ማገጃ ወደ መሥራት ዞረ። በ1930ዎቹ በብረት ቀለበት ውስጥ የተቀመጠ፣ በሞላ የሚደገፍ ከንፈር ያለው ማገጃ ለገበያ አቀረበ። ቆዳ ዘይት ጠጥቶ ስለሚለሰልስ ለጊዜው በቂ ነበር። ነገር ግን ሙቀት ያደርቀዋል፤ ውሃም ያበላሸዋል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዘይት የማይበላው ሰው ሠራሽ ጎማ ሲገኝ ቆዳው ቦታውን ለቀቀ።

ዛሬ የምንገዛው ኦይል ሲል በአብዛኛው ናይትራይል ከሚባል ከዚህ ጎማ የተሠራ ነው። የማዕድን ዘይትን ይችላል፤ የፍሬን ዘይትን ግን አይችልም፤ ያብጥና ቅርጹን ያጣል። «ዘይት ዘይት ነው» ብለው የተረፈ የፍሬን ዘይት ሹካ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች ከንፈሩን በገዛ እጃቸው እያበላሹት ነው።

ከንፈሩን የሚያሳምሙት

የማሩን ምሳሌ ከያዝን በሽታው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ በከንፈሩና በጣቱ መካከል አሸዋ ገብቷል፤ ወይ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ወይ ጣቱ ራሱ ቆስሏል። የጎጃም ደጋ ሦስቱንም ያቀርባል።

መጀመሪያ ጭቃው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠነክራል። በክሮሙ ላይ ተለጥፎ ያደረ ጭቃ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የአቧራ መከላከያውን እየገፋ ወደ ከንፈሩ ይጠጋል። ሸክላው ራሱ ለስላሳ ነው፤ ከእርሱ ጋር የተቀላቀለው የአሸዋ ቅንጣት ግን ኳርትዝ ከሚባል ማዕድን የተሠራ በመሆኑ ከተራ ብረት ይጠነክራል። አንዲት ቅንጣት ከከንፈሩ ሥር ከገባች ጎማውን ታነሳዋለች፤ በተነሳው ልክ ዘይት ያልፋል። ላቫጆ ቤት ኃይለኛውን የውሃ ቱቦ ቀጥታ ወደ አቧራ መከላከያው ማነጣጠርም ያው ነው፤ ጭቃውን ያጠበ ሲመስል አሸዋውን ወደ ውስጥ ይሰድዳል።

ሁለተኛው እርጅና ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በመቶ 10 ያህል ይበረታል፤ ጎማን የሚያሰነጥቀውም ይኸው ጨረር ነው። ከውጭ የተጋለጠው የአቧራ መከላከያው ስለሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው። ዙሪያውን በጥፍር ገለጥ አድርገው ሲያዩ ጥቃቅን ስንጥቅ ካለው ከሥሩ ያለው ኦይል ሲል ዘበኛውን አጥቷል ማለት ነው። ሥራ ፈትቶ ለወራት የቆመ ሞተርም ከንፈሩ በአንድ ቦታ ተለጥፎ ይደርቃል።

ሦስተኛውና ክፉው የብረቱ ቁስል ነው። ከፊት መኪና የተወረወረ ጠጠር ክሮሙን ይፈነቅለዋል፤ በተፈነቀለው ቦታ የክረምት እርጥበት ይገባና ዝገት ይጀምራል። የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል የዝገት ጉድጓድ በየመውጣቱና በየመግባቱ ከንፈሩን እየቦረቦረች ታልፋለች። ሹካቸው በጎማ ሹራብ የተሸፈነ ሞተሮች ከጠጠር ይድናሉ፤ ነገር ግን ሹራቡ እርጥበቱንና የሚፈስሰውንም ዘይት ይደብቃል። ስለዚህ በየጊዜው ሹራቡን ዝቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የታፈነው አየር

ከዘይቱ በላይ አየር አለ ብለናል። ይህ አየር ሁለተኛ ሞላ ነው፤ ሹካው ሲጨመቅ አየሩም ይጨመቃል። በግምት እናስላው። ከዘይቱ በላይ 150 ሚሊሜትር የአየር ቦታ ቢኖርና ሹካው 100 ሚሊሜትር ቢጨመቅ አየሩ ወደ 50 ሚሊሜትር፣ ማለትም ወደ ሲሶ ያንሳል፤ ግፊቱም ሦስት እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ ይብዛለት» ተብሎ ዘይቱ 30 ሚሊሜትር ከፍ ቢል የአየሩ ቦታ 120 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚያው 100 ሚሊሜትር ጭመቃ የሚቀረው 20 ሚሊሜትር ነው፤ ግፊቱ ስድስት እጥፍ ደረሰ። ሦስት ሳንቲሜትር ዘይት በከንፈሩ ላይ የሚያርፈውን ጫና በእጥፍ አሳደገው። አዲስ ኦይል ሲል በወሩ ያፈሰሰበት ሰው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ሚስጥሩ እዚህ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በደብረ ማርቆስ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቆላ ላይ የተዘጋ ሹካ ደጋ ሲወጣ በውስጡ የታፈነው አየር ከውጭው ይበረታና ከንፈሩን ያለማቋረጥ ይገፋል። ይህ ብቻውን ጤነኛውን ከንፈር አያስፈስስም፤ የደከመውን ግን ያጋልጠዋል። አንዳንድ የገጠር ሞተሮች ሹካቸው አናት ላይ ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ማስተንፈሻ ብሎን አላቸው። የሌለው ደግሞ በምንሠራበት ጊዜ እዚሁ ደጋው ላይ ተከፍቶ ሲዘጋ ችግሩ በራሱ ይፈታል።

ከመፍታት በፊት

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቁልፍ ከማንሳት በፊት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ብዙ ጊዜ ከንፈሩ አልሞተም፤ አሸዋ ብቻ ይዟል። የአቧራ መከላከያውን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለው ሽቅብ ያንሱትና አካባቢውን በጨርቅ ይጥረጉ። ከሃይላንድ ፕላስቲክ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፤ አንዱን ጫፍ እንደ መንጠቆ አድርገው ይቅረጹት፤ ጠርዙ የሚቧጭር ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ከዚያ በቧንቧውና በከንፈሩ መካከል ቀስ ብለው ያስገቡትና ዙሪያውን አዙረው ያውጡት። ጫፉ ላይ ጥቁር ጭቃ ከመጣ ንጹሕ እስኪሆን ይደጋግሙት። የፊት ፍሬን ይዘው ሹካውን ደጋግመው ይጫኑ፤ ክሮሙን ይጥረጉ፤ ጥቂት ቀን ይንዱ። ካቆመ ሥራው አበቃ።

ካላቆመ ወደ ብረቱ ይሂዱ። ክሮሙን በላምባ ጠርገው ጥፍርዎን ከላይ ወደ ታች በዙሪያው ያንሸራትቱ። ጥፍር የሚይዝበት ቦታ ሁሉ ለከንፈሩ ምላጭ ነው። የሾለው ጠርዝ ትንሽ ከሆነ 1000 ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሶ፣ ቦታው ላይ ብቻ፣ እስኪለሰልስ ማሸት ይቻላል። ክሮሙ ተልጦ ሰፊ ዝገት ከገባ ግን ቧንቧው ራሱ መቀየር አለበት። ዝገቱ ከከንፈሩ መመላለሻ ውጭ፣ ለምሳሌ በማሰሪያዎቹ መካከል ከሆነ አያሳስብም።

የሚገዛው ኦይል ሲል መጠኑ በላዩ ተጽፏል። ለምሳሌ 33፣ 46፣ 11 ቢል የውስጡ ክብ 33፣ የውጭው 46፣ ቁመቱ 11 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የሞተሩን ስም ብቻ ተናግሮ ከመግዛት አሮጌውን ይዞ ሄዶ ቁጥሩን ማስተያየት ይሻላል። የአቧራ መከላከያውንና የግርጌውን የመዳብ ሮንዴላ አብረው ይግዙ።

አፈታቱ

የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ከሞተሩ ሆድ ሥር ጠንካራ የቢራ ሳጥን ወይም ጉማጅ እንጨት ያስገቡ፤ ሞተሩ ሲነቀነቅ እንደማይወድቅ ያረጋግጡ። ከዚያ ሁለት ብሎኖች ሹካው ገና በቦታው ሳለ መላላት አለባቸው፤ ይህን የዘለለ ሰው ኋላ ይቸገራል።

አንደኛው የአናቱ ክዳን ነው። መጀመሪያ የላይኛውን ማሰሪያ ያላሉ፤ አለበለዚያ ክዳኑን ጨብጦ ይይዘዋል። የታችኛው ማሰሪያ ቧንቧውን እንደያዘው ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉት። ሙሉ በሙሉ እንዳይፈቱት፤ ከሥሩ የተጨመቀ ሞላ አለና ፊት ይመታል። ሁለተኛው ከእግሩ ግርጌ፣ ከፐርኖው ሥር ያለው ብሎን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በባለ ስድስት ማዕዘን ኤል ቁልፍ ይፈታል። ይህ ብሎን በውስጥ ያለውን ዘንግ የያዘ ነው። ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ሲይዘው ብሎኑ ይላላል፤ ሞላው ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ዘንጉ አብሮ እየዞረ መፍታቱ ያታክታል።

ከዚያ ጎማውን፣ የፍሬኑን ክፍልና ፓራፋንጎውን ያውጡ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ክፍሉን በሽቦ ያንጠልጥሉት እንጂ በቱቦው እንዳይንጠለጠል፤ ዲስኩም በሌለበት የፍሬን እጀታውን እንዳይነኩት። ማሰሪያዎቹን አላልተው እግሩን እያዞሩ ወደ ታች ይሳቡት።

እግሩን አቁመው ክዳኑን በመዳፍ ተጭነው ይፍቱ፣ ሞላውን ያውጡ፣ ዘይቱን በጀሪካን ይገልብጡ። የሚወርደውን ዘይት ልብ ብለው ይዩት። ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የብረት ፍቅፋቂ ይዟል፤ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶታል፤ ውሃው የገባው ደግሞ በዚያው በደከመው ከንፈር በኩል ነው።

የግርጌውን ብሎን ጨርሰው ይፍቱ፤ የአቧራ መከላከያውን ያንሱ፤ ከሥሩ ያለውን የሽቦ ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ ፈልቅቀው ያውጡ። ይህን ቀለበት ሳያወጡ መጎተት የታችኛውን ቧንቧ አፍ ይሰብራል። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የላይኛው ቧንቧ በቀላሉ ተስቦ ይወጣል፤ ኦይል ሲሉም በታችኛው ቧንቧ አፍ ውስጥ ይቀራል። በሌሎቹ ደግሞ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ቀለበቶች ስላሉ ሁለቱን በሁለት እጅ ይዘው በፍጥነት መለስ ቀለስ እያደረጉ ሲስቡት ኦይል ሲሉ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ውስጥ የቀረውን ኦይል ሲል በሰፊ ካቻቢቴ ሲፈነቅሉ አፉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም እንጨት ያድርጉ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ የተቧጨረ መቀመጫ በአዲሱ ጎማ ጀርባ በኩል ያፈስሳል።

ቧንቧውን በመስታወት ላይ ያንከባሉት። በመስታወቱና በቧንቧው መካከል ብርሃን ሲያልፍና ሲቋረጥ ከታየ ቧንቧው ተጣምሟል። የተጣመመ ቧንቧ ከንፈሩን በአንድ በኩል እየገፋ በሌላ በኩል ክፍት ይተወዋል፤ የቱንም ያህል ጥሩ ጎማ ቢገጠምለት አይይዝም።

አገጣጠሙ

ሁሉንም የብረት ክፍል በላምባ አጥበው ክሩ በማይነቀል ጨርቅ ያድርቁ። ከዚህ በኋላ እጅም ሆነ ጠረጴዛ ንጹሕ መሆን አለበት። ከንፈሩ የሚጠላው አሸዋ መንገድ ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ በሥራ ልብስ ላይም አለ።

አዲሱን ኦይል ሲል በሹካ ዘይት ያርሱት። ክብ ሞላዋ ያለችበት ገጽ ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ታች፣ ጽሑፉ ያለበት ደግሞ ወደ ላይ ይዞራል። ቧንቧው ላይ አጥልቀው የሚያወርዱት ከሆነ የቧንቧው ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው ጫፉን በዘይት በራሰ ስስ ፌስታል ይሸፍኑት። ቅደም ተከተሉም ከታች የሚቀመጠውን ያስቀድማል፦ ከላይኛው ጫፍ ካስገቡ ኦይል ሲሉ ይቀድማል፣ የሽቦ ቀለበቱ ይከተላል፣ የአቧራ መከላከያው የመጨረሻው ነው።

ወደ መቀመጫው ለማስገባት መዶሻ በቀጥታ አያሳርፉበት። አሮጌውን ኦይል ሲል በአዲሱ ላይ ደርበው፣ ዲያሜትሩ የሚመጥን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በላዩ አድርገው፣ ዙሪያውን እኩል መታ መታ ያድርጉ። ድምፁ ከድፍን ወደ ጠንካራ ሲለወጥና የሽቦ ቀለበቱ ቦይ ዙሪያውን በሙሉ ሲታይ ደርሷል። ቀለበቱ በቦዩ ውስጥ ጠቅ ብሎ መቀመጡን በጣት ዞረው ያረጋግጡ።

የግርጌውን ብሎን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይሰሩት። አሮጌው ሮንዴላ አንዴ የተጨፈለቀ ስለሆነ ዳግም አይታመንም፤ ከላይ የደፈንነው ዘይት ከታች መንጠብጠብ የሚጀምረው በእርሱ ነው።

ዘይቱ

የዘይቱ ዓይነትና መጠን በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ይገኛል። ለብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ለአንድ እግር ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ባለው መካከል ነው፤ ዓይነቱም አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር የሹካ ዘይት ነው። የሹካ ዘይት ሲጠፋ ብዙ መካኒኮች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀዩን ዘይት ይጠቀማሉ፤ ቅጥነቱ ስለሚቀራረብ ያስኬዳል። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ግን በደጋው የጠዋት ብርድ ስለሚወፍር ሹካው ይደርቃል፤ መሪው ላይ ያለው እጅ ያንን ወዲያው ይሰማዋል።

ዘይቱን በዓይን ግምት አይጨምሩ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ትልቅ ሲሪንጅ በቂ መለኪያ ነው። ሞላው ሳይገባ ከጨመሩ በኋላ ቧንቧውን አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ የታፈኑት አረፋዎች ይወጣሉ። ከዚያ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ከአፉ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። ሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለባቸው። ሞላውን መልሰው ክዳኑን በእጅ ያስጀምሩት፤ ክሩ ካልያዘ በቁልፍ አያስገድዱት።

እግሮቹን በማሰሪያው ውስጥ በእኩል ቁመት ያቁሙ። ክዳኑን የሚያጠብቁት የታችኛው ማሰሪያ ቧንቧውን ከያዘው በኋላ ነው፤ የላይኛው ማሰሪያ ከክዳኑ በኋላ ይጠብቃል። ጎማውን ከመለሱ በኋላ ፐርኖውን የሚቆነጥጠውን ብሎን ወዲያው አያጥብቁ። ሞተሩን መሬት አውርደው ሹካውን ደጋግመው ይጫኑ፤ እግሮቹ የራሳቸውን መስመር ሲያገኙ ያኔ ያጥብቁት። ተጣመው የታሰሩ እግሮች ከንፈሩን በአንድ በኩል ይበሉታል።

የወጣውን አሮጌ ዘይት ወደ ጓሮው ወይም ወደ ጅረቱ አይድፉ። በጀሪካን ሰብስበው አሮጌ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ይስጡ።

መቼ ነው ለባለሙያ የሚተው?

ቧንቧው ከተጣመመ፣ የግርጌው ብሎን አልፈታ ብሎ አፉ ከተበላ፣ ወይም ሹካው ወፍራሙ ቧንቧ ከላይ የሆነበት የተገለበጠ ዓይነት ከሆነ ሞርሳና ልዩ መፍቻ ላለው ባለሙያ ይተዉት። በተገለበጠው ሹካ ኦይል ሲሉ ወደ ታች የዞረ ስለሆነ የሚፈስሰው ዘይት ወደ ፍሬኑ የሚወርድበት መንገድ አጭር ነው።

በየትኛውም ሞተር ቢሆን የሹካ ዘይት መፍሰስ ችላ የማይባለው በዚሁ በፍሬኑ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ እንዳየነው ፍሬን የሚይዘው በፍትጊያ ነው፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ አይፋተግም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ በቁልቁለት ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያጋድላል፣ ሹካው ይጨመቃል፣ የፊት ፍሬኑ ዋናውን ሥራ ይሠራል። ዘይት የጠጣ ሸራ በላምባ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል። ዲስኩ ወይም ታምቡሩ ግን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ከታጠበ ያገለግላል።

እንግዲህ የምዕራፉ ፍርድ ይህ ነው፦ ኦይል ሲል ርካሽ ዕቃ ነው፤ ውድ የሚያደርገው ብረቱን ሳያዩ ደጋግሞ መግጠም ነው። ጣቱ ከቆሰለ ከንፈር ቢቀያየር ለውጥ አያመጣም። አንዱ እግር ቢያፈስስም ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ፤ የተጓዙበት መንገድም ያለፈባቸው ክረምትም አንድ ነውና። የክረምት ጉዞ ሲያበቃ ክሮሙ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ማንበብ ብዙም አያስፈልገውም። ሥራውን ጨርሰው ከግቢ ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ የፊት ፍሬኑን እጀታ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይጫኑ፤ ጎማው ሲወጣና ሲገባ ሸራው ከቦታው ሸሽቶ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያው ጭነት ባዶ ሊሆን ይችላል።